«አልገባኝም» ፍርድ አይደለም



በአገራችን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያልበረደ አንድ ሙግት አለ። የሙግቱ መነሻ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ዘውድ ወድቋል፤ ደርግ መጥቶ አልፏል፤ ከዚያም በኋላ መንግሥት ተለዋውጧል። ሙግቱ ግን ሁለት ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ቡና ይዘው በተቀመጡበት ሁሉ ዛሬም እንደ አዲስ ይነሣል። አንደኛው «ከባድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት» ይላል። ሌላኛው ፈገግ ብሎ «ገና አልደረስክበትም» ይለዋል። የመጀመሪያው ደራሲውን ከሰሰ፤ ሁለተኛው አንባቢውን ከሰሰ። መጽሐፉ ራሱ ከሁለቱም እጅ ወድቆ፣ ተዘግቶ፣ መሐል ላይ ይቀመጣል።

ዛሬ ከሁለቱም ወገን ጋር ልሟገት ተነሥቻለሁ። «ከባድ ነው» ባዩን እቃወማለሁ፤ የራሱን ድካም የመጽሐፉ ጥፋት አድርጎ ያቀርብልናልና። «አልደረስክበትም» ባዩን አብዝቼ እቃወማለሁ፤ መጽሐፉን የግቢ በር አድርጎ እርሱ ዘበኛ ሆኖ ቆሟልና። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ አንባቢ ማዕረግ ነው። ስለ «አደፍርስ» ሲከራከሩ የሰማኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ጥቂት ልበል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ፤ «አደፍርስ» ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ አንባቢውን እጁን ይዞ ይመራዋል። ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ ማን ማንን እንደ ወደደ፣ ምን መከራ እንደ ደረሰበት በየተራው ይነግረዋል። የሚያለቅስበትንም የሚስቅበትንም ቦታ ያሳየዋል። ይህ ታላቅ ችሎታ ነው፤ ማንም አይክደውም። ዳኛቸው ግን ሌላ መንገድ መረጠ። እርሱ የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ልቦለዱንም እዚያው ደጅ፣ አርማንያ ላይ አስቀመጠው። ከከተማ የመጣ የተማረ ወጣት አለ፤ ስሙ አደፍርስ ነው። አሮጌውን ሥርዐት የተሸከሙ ባለርስት አሉ፤ ወይዘሮ አሰጋሽ። ልጃቸው ጺወኔ አለች። ካህኑም ባላገሩም አለ። እነዚህ ሰዎች ይነጋገራሉ። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ፍቅር ገጽ በገጽ ይሟገታሉ። ደራሲው «ይኸኛው ልክ ነው፣ ያኛው ተሳስቷል» ብሎ ጣልቃ አይገባላቸውም። ታሪኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይዘላል። መጨረሻውን ላላነበበ ሰው አልነግርም።

ስሙንም ልብ በሉ። የጠራ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያደፈርስ ሰው አለ፤ «አደፍርስ!» ተብሎ የታዘዘ የሚመስልም አለ። ደራሲው በሽፋኑ ላይ ምን እንደሚያደርግ ነግሮናል። ዘመኑንም አስታውሱ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ አብዮቱ የሚፈነዳው በ1966 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ውሃውን ሲያማስል ተገኘ። እኛ ግን ውሃው ስላልጠራልን እናማርራለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ ልግባ። «ከባድ ነው» ይላሉ። ለማን?

እኔ የሰንበቴ ልጅ ነኝ። ሰንበቴ ከደሴ መንገድ ላይ ያለች፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ትምህርት ቤት የጠበቀኝ ግን አማርኛ ነበር። ዛሬ የዞናችን ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የእኔ ትውልድ ግን ልቦለድ ምን እንደ ሆነ ያወቀው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ እንዲህ ላለ ልጅ ቀላል የአማርኛ መጽሐፍ የትኛው ነው? «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም ቃሉንና የጎጃም ወጉን ይዞ ሲመጣ ለእኛ ቀላል ነበርን? የቆሎ ተማሪ አይተን የማናውቅ የሙስሊም ልጆች የቅኔ ቤቱን ዓለም ከየት አውቀን ነው? ያልገባንን ቃል እየዘለልን፣ ከወዲያ ማዶ ያለውን ትርጉም እየገመትን፣ ታላላቆቻችንን እየጠየቅን አነበብን። «ይህ መጽሐፍ ከባድ ነው፤ ስለዚህ መጥፎ ነው» ያለ አንድም ልጅ አላስታውስም። እንግዶች መሆናችንን እናውቅ ነበር፤ እንግዳ ደግሞ የሰው ቤት ገብቶ የእቃውን አቀማመጥ አይነቅፍም፤ መጀመሪያ ይለምዳል።

ለዚህ ነው «ከባድ ነው» የሚለውን ሮሮ ስሰማ የምገረመው። ከአፉ የሚወጣው ብዙ ጊዜ አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ፣ መጽሐፍ ሁሉ ወደ እርሱ ቤት እንዲመጣ የለመደ ሰው ነው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቋንቋው እንግዳ ሆነ፤ ስሜቱን ግን አላወቀውም። ስላላወቀውም ስም አወጣለት፦ «የደራሲው ድክመት»። ወንድሜ፣ ይህ ድክመት አይደለም፤ ይህ እኛ ዕድሜያችንን ሁሉ ስናነብ የኖርንበት ሁኔታ ነው። ሰው አይሞትበትም። እንዲያውም ማንበብን የሚያስተምረው እርሱ ነው።

አማርኛችን ነገሩን ስንረዳ «ገባኝ» ይላል። ነገሩ ከውጭ መጥቶ ወደ እኔ ገባ ማለት ነው። ኦሮምኛውም «ናፍ ገሌ» ይላል፤ «ገሌ» ገባ ማለት ነው፣ ወደ ቤት ተመለሰ ማለትም ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ሰውየውን አስቀምጠው ነገሩን ያስገቡለታል። ውብ አባባል ነው፤ ነገር ግን የሥነ ጽሑፍ አንባቢን አስንፎታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉ እስኪገባለት ይጠብቃል። ካልገባለት «አልገባኝም» ብሎ ይዘጋል፤ «አልገባኝም» ማለቱንም እንደ ችሎት ውሳኔ ይቆጥረዋል። አንዳንድ መጽሐፍ ግን አይገባም፤ ይገቡበታል። «አደፍርስ» ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሁለተኛው ክስ ከመጀመሪያው ይልቅ የተማረ ነው። «ቅርጹ ባዕድ ነው» ይላል። «ዳኛቸው ከፈረንጅ ቀድቶ አመጣ፤ የእኛ ሰው ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ቀጥ አድርጎ ነው የሚያወጋው» ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች የእኛን ሰው ሲያወጋ ሰምተውት ያውቁ ይሆን?

እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ውጡ። ከቆላው አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል። ከደጋው አማራው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። አርጎባው ይመጣል፤ የአገሩ ኦሮሞ ማሽላውን ይዞ ይወጣል። በአንድ አደባባይ አራት ቋንቋ ይነገራል። አንድ ፍየል ለመግዛት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ አንዱ ዋጋ ይጠራል፣ አንዱ ያስተረጉማል፣ ሦስተኛው ያለፈው ዓመት የሞተበትን ከብት ያነሣል። ከዚያ የዘመድ ነገር ይመጣል፣ የዝናብ ነገር ይመጣል፣ የተረሳ ቂም ይመጣል፤ ዋጋው ከዚያ ሁሉ በኋላ ይቆረጣል። መሐል ቆሞ «አሁን እየተናገረ ያለው እገሌ ነው፤ ሐሳቡም ይህ ነው» የሚል ተራኪ የለም። ሰሚው ራሱ ነው ድምፁን ከድምፅ የሚለየው። ገበያውን የለመደ ሕፃን እንኳ ይለየዋል።

ገበያው ይቅር፤ ወደ ሸንጎው ሂዱ። የአበው ሙግት በላ ልበልሃ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ቃልን በቃል እየመቱ፣ ነገርን በምሳሌ እየሸፈኑ፣ ከፍሬ ነገሩ ርቀው እየዞሩ የሚመለሱበት። ደብረ ሲና፣ ይፋትና ቡልጋ በሙግት የተካነ አገር ነው፤ ርስት ያለበት ቦታ ሁሉ ሙግት አለ። ወደ ቅኔ ቤቱ ግቡ። ሰምና ወርቅ ስንል ደረታችንን የምንነፋው እኛ አይደለንምን? ባንድ ስንኝ ሁለት ትርጉም ሲሸሸግ «ይህ የአባቶቻችን ጥበብ ነው» ብለን ለእንግዳ እንኩራራለን፤ አንድ ልቦለድ ትርጉሙን ሲሸሽግ ግን «ምን ማለትህ ነው? ግልጽ አድርገው» ብለን እንቆጣለን። ወይ በቅኔው አንኩራ፣ ወይ ልቦለዱን በቅኔ ጆሮ እንስማው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

ዳኛቸው በውጭ አገር ጸሐፊዎች አልተነካም አልልም። የሠለጠነ ጸሐፊ ነበር፤ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የሚል መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ደንቡን ሳያውቅ አልጣሰም። ነገር ግን ከውጭ የተማረው ነገር ያገለገለው የአገር ቤቱን ድምፅ ወደ ወረቀት ለማምጣት ነው። ቀጥ ያለው ትረካ የሸንጎውን ሁካታ አይይዝለትም ነበር። አንድ ተራኪ ከተሾመ ወይዘሮ አሰጋሽ የሚናገሩት በእርሱ ፈቃድ ይሆናል፤ ባላገሩም የሚያስበው እርሱ የፈቀደለትን ያህል ይሆናል። ዳኛቸው ተራኪውን ወደ ኋላ አሽሽቶ አፉን ለሰዎቹ ሰጠ። ያስቸገረን ይህ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር መስማት አልለመድንም።

አሁን ፊቴን ወደ ደጋፊዎቹ አዞራለሁ፤ ለእነርሱ ያለኝ ቃል ይብስ ይመራል።

«አደፍርስ»ን በብብታቸው ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። መጽሐፉ የተጻፈበትን ዓመት ያውቃሉ፣ ደራሲውን «የእኛ ጆይስ» ይሉታል፤ ስለ ጺወኔ አንድ ነገር ብትጠይቋቸው ግን ወሬ ይለውጣሉ። እነዚህ ሰዎች የመጽሐፉ ወዳጆች አይደሉም። መጽሐፉ ከባድ መባሉ ይመቻቸዋል፤ ቀላል ቢሆን ምን ይለያቸዋል? አስቸጋሪነቱን እንደ ካባ ለብሰውታል። «የእኛ ጆይስ» የሚለው ምስጋናም ሲመረመር ከከሳሹ ቃል ጋር አንድ ነው። ከሳሹ «ባዕድ ነው» ብሎ ያባርረዋል፤ ደጋፊው «ባዕድ ነው» ብሎ ያነግሠዋል። ሁለቱም ከአርማንያ አውጥተው ደብሊን ወሰዱት። እዚያው በተወለደበት ተራራ ላይ የሚያነበው ማን ነው?

ደጋፊዎቹ የሚሠሩት ሌላም በደል አለ። አንድ ሰው በቅንነት «እዚህ ቦታ ላይ ሰለቸኝ» ሲል አያስጨርሱትም። እኔ ግን ልናገር፦ «አደፍርስ» የሚሰለችበት ቦታ አለው። አንዳንዱ ምልልስ ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ወጣቱ አደፍርስ አንዳንዴ ሰው መሆኑን ረስቶ ድርሳን ይሆናል፤ የሚናገረው ከአፉ ይልቅ ካነበበው መጽሐፍ የወጣ ይመስላል። ይህን ማለት መጽሐፉን መናቅ አይደለም፤ አንብቤዋለሁ ማለት ነው። «ከባድ ነው» የሚለው ቃል ግን ይህን ጥፋት እንኳ አይነካውም። ጥፋቱ የት ገጽ ላይ እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ሰለቸን፣ ምን ቢሆን ይሻል እንደ ነበር አይነግረንም። ሰነፍ ነቀፌታ ለደራሲው ትልቁ ምሕረት ነው፤ እውነተኛ ጥፋቱን ይሸፍንለታልና።

ይህ ዐይነት ሙግት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ የሩቅ ምሳሌ ላምጣ። ስኮትላንዳዊው አላስደር ግሬይ ከሃያ ዓመት በላይ የደከመበትን «ላናርክ» የተባለ ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተመ። መጽሐፉ አራት ክፍል አለው፤ የሚጀምረው ግን ከሦስተኛው ነው። ከዚያ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ በመጨረሻም አራተኛው ይከተላል። መግቢያው ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ይመጣል፤ መደምደሚያው መጽሐፉ ሳያልቅ ይመጣል። ገሚሱ በግላስጎ ከተማ ያደገ ወጣት ሰዓሊ ታሪክ ነው፤ ገሚሱ ፀሐይ በሌላት በቅዠት ከተማ ውስጥ ያልፋል። ደራሲው ከየትኛው መጽሐፍ ምን እንደ ሰረቀ የሚዘረዝር ማውጫ ሳይቀር አስገብቶበታል። እንግሊዛዊው አንቶኒ በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1984 ከዘመኑ ምርጥ ልቦለዶች ተራ አሰለፈው። ሌላው አንባቢ ደግሞ የግላስጎውን ክፍል ወዶ የቅዠቱን ይጠላል፤ ወይም በተቃራኒው። ሙግቱ እዚያም አልሞተም።

ከዚያ ሙግት ግን የምንማረው አለ። «ላናርክ»ን የሚጠላው ሰው «የቅዠቱ ክፍል የልጅነቱን ክፍል ኃይል ያሳጣዋል» ይላል፤ የሚወደው ደግሞ «አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ሕይወት ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ ቁልፍ ነው» ይላል። እንግዲህ ይህ ስለ መጽሐፍ መከራከር ይባላል። የክፍሎቹን ዝምድና ይመዝናል፤ ገጽ ያስገልጣል። ግሬይም ለአንባቢው ቀልድ፣ ሥዕልና ሳቅ አዘጋጅቶ በሩን ከፍቶ ጠብቆታል። የተከበረ ጠቢብ መምሰል አልፈለገም። የእኛ «አደፍርስ» ምን ሳቅ እንዳለበት ስንቶቻችን አውርተናል? የወይዘሮ አሰጋሽን አንደበት ከፍ አድርጎ ያነበበ ሰው ከንፈሩ ሳይላቀቅ አይቀርም። ነገር ግን መጽሐፉን መቅደስ ስላደረግነው በመቅደስ ውስጥ መሳቅ ነውር ሆነብን።

«ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ምን አገባን?» የሚል ካለ፣ አዳም ረታን ያስታውስ። በ1997 ዓ.ም. «ግራጫ ቃጭሎች» ሲወጣ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ያ ግዙፍ «የስንብት ቀለማት» ሲመጣ፣ ያው ሙግት ያንኑ ቃል ይዞ ተመለሰ። «አይገባም»፣ «ይንዛዛል»፣ «አዳምን ለማንበብ አዳም መሆን ያስፈልጋል» ተባለ። ከወዲያኛው ወገንም «እናንተ አንባቢ አይደላችሁም» የሚል መልስ ተወረወረ። አዳም ራሱ የአጻጻፍ ስልቱን «ሕጽናዊነት» ብሎ ሰይሞ ምሳሌውን ከየት አመጣ? ከእንጀራ። ዐይኖቹ ብዙ፣ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ፣ ሁሉም ግን በአንድ ገላ ላይ የተያያዙ። በየቀኑ የምንቆርሰውን ነገር የልቦለድ ቅርጽ አደረገው፤ እኛ ግን «ከየት ያመጣው ፈረንጅኛ ነው?» አልን። እንጀራ ባዕድ ከሆነብን እንግዲህ የአገር ቤቱ ነገር ምን ቀረን?

የማውቀው አንድ ሐቀኛ ተቃውሞ አለ፤ እርሱን ሳልመልስ አላልፍም። «መጽሐፍ ውድ ነው፤ ጊዜም ውድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ በሚያደክም መጽሐፍ ለምን ይቀጣል?» ይባላል። እውነት ነው፤ ማንም የመደሰት መብቱን አይነጠቅ። ያልወደደ ይተወው። እኔ የምቃወመው መተዉን አይደለም፤ ትቶ ፍርድ መስጠቱን ነው። ያላለቀ ችሎት አይወስንም። «ጀምሬ ተውኩት» ማለት ስለ አንተ የተነገረ ሐቅ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። «ጀምሬ ስለተውኩት የማይረባ ነው» ማለት ግን የምስክሩን ቃል ሳይጨርሱ መፍረድ ነው። ይህ ልማድ ዋጋ ያስከፍላል። ዳኛቸው ከ«አደፍርስ» በኋላ ያሳተመው ልቦለድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ወጣ። ምክንያቱን በአንባቢ ላይ አልለጥፍም። ነገር ግን ደፋር መጽሐፍ በወጣ ቁጥር የሚያገኘው መልስ «አልገባኝም» ብቻ ከሆነ፣ ቀጣዩ ደፋር ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሁለት ጊዜ እንደሚያስብ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

አሁን ለምን ይህን ያህል እንደ ተቆጣሁ ልንገራችሁ። ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ሰንበቴ፣ ከሰንበቴ አጣዬ፣ ከዚያ ከሚሴ የሚወስደው መንገድ አንድ መንገድ ነው። የዳኛቸው አርማንያ ከእኛ ገበያ በላይ ያለው ተራራ ላይ ናት። የእርሱ ሰዎች ገብስ ይዘው የሚወርዱበት ገበያ የእኛ ነው፤ የእኛ ሰዎች የሚያርሱት ማሽላ ወደ እነርሱ ይወጣል። ይህ መንገድ በደም የተዘጋበትን ጊዜ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤታችን አጣዬ ተቃጠለች፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከአማራውም ከኦሮሞውም ሰው አለቀ። በዚያን ሰሞን እያንዳንዱ ወገን አንድ ተራኪ ነበረው። ተራኪው ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ቀጥ አድርጎ ይነግር ነበር፤ ማን በዳይ፣ ማን ተበዳይ እንደ ሆነ ጥርት አድርጎ ያሳይ ነበር። አድማጩ ምንም አልከበደውም። ሁሉም ነገር ገባው።

ከዚያ ወዲህ የጠራና ቀጥ ያለ ታሪክ ብቻ እንዲነገረኝ አልመኝም። ሁሉም የሚናገርበት፣ ማንም የመጨረሻውን ቃል ያልወሰደበት፣ የማልስማማበት ሰው እንኳ አፉ ያልተያዘበት መጽሐፍ ሳገኝ ትርፍ ጌጥ መስሎ አይታየኝም። «አደፍርስ» ውስጥ የእኔ ቋንቋ አይነገርም፤ የእኔ ሃይማኖት መሐል ላይ አልተቀመጠም። የደጋው ሰው መጽሐፍ ነው። ሆኖም ተቃራኒ ድምፆችን አንዱን በአንዱ ሳያፍን አንድ ቤት ውስጥ ማቆየት እንደሚቻል ከዚያ ሰፈር በተወለደ ብዕር አየሁ። ለአንድ የሰንበቴ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደክሜ ያነበብኩት ለዚህ ነው፤ ድካሜንም አልቆጨበትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሕዝብ የወደደው በዐይኑ ብቻ አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በጆሮው ሰምቶ ነው። ምልልስ የሞላበት «አደፍርስ» ደግሞ ከዚያ ይልቅ ድምፅ ይፈልጋል። ሦስት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ወይዘሮ አሰጋሽን ይሁን፣ አንዱ አደፍርስን፣ አንዷ ጺወኔን። በዝምታ ሲነበብ የተምታታው ነገር በአፍ ሲወጣ ስንቱ እንደሚጠራ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ ያልገባችሁን ቃል ዝለሉት፤ እኛ ስንት ዓመት ስንዘል ኖረናል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገናኛችኋል። ሦስተኛ፣ አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ጥሉት። አዎን፣ ጥሉት! ገጹን ጠርታችሁ፣ ምልልሱን ጠቅሳችሁ፣ «እዚህ ላይ ዳኛቸው ተሸነፈ» በሉ። እኔ መጥቼ እሟገታችኋለሁ፤ ምናልባትም ትረቱኛላችሁ። ያን ቀን የምንጣላው ስለ መጽሐፉ ስለሚሆን ደስ ብሎኝ እረታለሁ።

እስከዚያው ድረስ ግን «አልገባኝም» ያለ ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ፍርድ አይጻፍለት። «አልገባኝም» የጥያቄ መነሻ ነው። በሩ ላይ የቆመ እንግዳ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው፤ ቀጥሎ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራ።

ቸር እንሰንብት።